ማይክሮቼስ፤ በ924 ባይት የተጻፈው የቼዝ ፕሮግራም ታሪክ

ሰንጠረጅ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በቀድሞው ዘመን ነገሥታትና መኳንንት በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አሰምረው ይጫወቱት የነበረው፣ ዛሬ ቼዝ ከሚባለው ጋር አንድ ዘር ያለው የንጉሥና የወታደር ጨዋታ ነው። ሁለተኛው፣ አጻጻፉ በጥቂት ተለውጦ ሰንጠረዥ ሲባል፣ ስምና ቍጥር በረድፍና በዓምድ የሚደረደሩበት ገበታ ነው፤ መምህር የተማሪዎቹን ውጤት የሚያሰፍርበት ሮስተር ከዚህ ወገን ነው። ጨዋታውና መዝገቡ ከስም በቀር ዝምድና የላቸውም የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ሁለቱን በእውነት አገናኝቷቸዋል፤ ከአንድ እጅግ ትንሽ የቼዝ ፕሮግራም ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ፣ ዛሬ ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የሚገለገሉበት የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ እንዲወለድ ረድቷል።

ፕሮግራሙ ማይክሮቼስ ይባላል፤ የተሠራበትም ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1976 ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ታሪኩ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። የመጀመሪያው፣ እጅግ ጥቂት መሣሪያ ያለው ሰው ምን ያህል ሥራ ሊሠራ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማንም በቀላሉ ሊገለብጠው የሚችል የአእምሮ ሥራ ባለቤቱን እንዴት ሊመግብ ይችላል የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ለመምህራን እንግዳ አይደሉም።

መኪናን ቼዝ የማስተማር ውጥን

ቼዝ ሲጀመር ቀላል ይመስላል። ነጩ ወገን ሊመርጣቸው የሚችላቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች 20 ብቻ ናቸው፤ ጥቁሩም በበኩሉ በ20 መንገድ ሊመልስ ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዱ ወገን አንድ ጊዜ ብቻ ከተንቀሳቀሰ በኋላ 400 ልዩ ልዩ አቋሞች ሊገኙ ነው። ከዚያ ወዲያ ቍጥሩ እየተባዛ ሄዶ ከሰው ግምት ውጭ ይሆናል። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1950 በታተመው ጽሑፉ፣ ሊደረጉ የሚችሉት ጨዋታዎች ብዛት 1 ተጽፎ 120 ዜሮ ቢከተለው የሚገኘውን ቍጥር ያህል እንደሚሆን ገመተ። ስለዚህ ማናቸውም መኪና ሁሉን ቈጥሮ ሊጨርስ አይችልም። ጥቂት ወደ ፊት መመልከት፣ ያየውን መመዘን፣ ከመዘነውም የተሻለውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሻነን ለመመዘኛ እንዲሆን ለእያንዳንዱ ጠጠር ዋጋ ሰጠ። ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ እያንዳንዳቸው 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ሲሆኑ፣ ንጉሥ ከጠፋ ጨዋታው ስለሚያልቅ 200 ተሰጠው። መኪናው የራሱን ወገን ዋጋ ደምሮ የባላጋራውን ዋጋ ይቀንስለታል፤ ባላጋራውም ሁልጊዜ ለራሱ የሚበጀውን ይመርጣል ብሎ ስለሚያስብ፣ ከሚጠብቀው ጉዳት ሁሉ አነስተኛውን ይሻል። ይህ ዘዴ የቆመው አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል በሚለው ሕግ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረጅ ግን ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍሉ፣ አንድ ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንዲንቀሳቀሱ የሚፈቅድ ስለ ነበረ፣ ለሻነን ዘዴ ሌላ ፈተና በሆነ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ አለን ቱሪንግ ከዴቪድ ሻምፐርኖውን ጋር ሆኖ በ1948 የቼዝ ፕሮግራም ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ፕሮግራሙን የሚቀበል መኪና ስላልተገኘ፣ በ1952 ቱሪንግ ራሱ በመኪናው ቦታ ተቀምጦ፣ ሕጉን በወረቀት ላይ እየተከተለና እያሰላ፣ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫወተ። አንዱን እርምጃ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ በመጨረሻም በ29ኛው እርምጃ ተሸነፈ። ቢሸነፍም ከዚህ ጨዋታ አንድ ታላቅ ነገር ታወቀ። ፕሮግራም ማለት ከብረትና ከኤሌክትሪክ አስቀድሞ በሥርዓት የተጻፈ ሐሳብ መሆኑን ወረቀቱ መሰከረ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ታላላቆቹ መኪናዎች ተሻገረ። በ1956 በሎስ አላሞስ የነበሩት ሊቃውንት፣ ማኒያክ የተባለው መኪናቸው ሙሉውን ገበታ ሊችል ባለመቻሉ፣ ከ64ቱ ቤቶች 36ቱን ብቻ አስቀርተው ጳጳሳቱንም አውጥተው አጫወቱት፤ መኪናውም ጨዋታውን ገና የተማረ አንድ ሰው አሸነፈ። በ1957 አሌክስ በርንስታይንና ባልደረቦቹ አይ.ቢ.ኤም. 704 በተባለው ግዙፍ መኪና ሙሉ ቼዝ እንዲጫወት አደረጉ፤ ለአንድ እርምጃም 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በ1967 የሪቻርድ ግሪንብላት ፕሮግራም፣ ማክ ሃክ የተባለው፣ ሰዎች በሚወዳደሩበት የቼዝ ውድድር ተሰልፎ ተጫወተ። እነዚህ ሁሉ መኪናዎች የመንግሥት፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የታላቅ ኩባንያ ንብረት ነበሩ። አንድ ተራ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያኖረዋል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም።

ኪም-1 የተባለችው ትንሽ መኪና

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1970ዎቹ መካከል ነው። ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1975 6502 የሚል ስም የሰጠውን ማይክሮፕሮሴሰር በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ኩባንያው የዚህን ማይክሮፕሮሴሰር አሠራር ለማስተዋወቅ ኪም-1 የተባለች አንዲት ባለ አንድ ሠሌዳ ኮምፒዩተር ሠርቶ በ1976 በ245 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ኪም-1 ዛሬ ኮምፒዩተር ሲባል በዓይነ ኅሊና የሚታየው ዓይነት መሣሪያ አልነበረችም። የሥዕል መስኮት የላትም፤ የጽሕፈት መኪና የሚመስል የፊደል መደዳም የላትም። ያሏት ቍጥር የሚያሳዩ 6 ትናንሽ የብርሃን መስኮቶችና ጥቂት ቍልፎች ናቸው። የመዘገበችውን ለማቆየት ግን ድምፅ ከሚቀዳበት ካሴት ጋር ልትገናኝ ትችል ነበር።

የማስታወስ ኃይሏ 1,152 ባይት ብቻ ነበር። ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ዛሬ በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። እንግዲህ ኪም-1 የአማርኛ ጽሑፍ እንድትይዝ ብትጠየቅ ከ384 ፊደል በላይ ልትሸከም ባልቻለች ነበር፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ አንቀጽ አያልፍም። በዚህ ጠባብ ስፍራ የገበታው አቋም፣ የጨዋታው ሕግና የመኪናው ሐሳብ ሁሉ መግባት ነበረባቸው።

የፒተር ጄኒንግስ ሥራ

በካናዳ በቶሮንቶ ይኖር የነበረው ፒተር ጄኒንግስ በ1976 ከእነዚህ መኪናዎች አንዷን አገኘ። ቼዝ እንድትጫወት ለማድረግ ያወጣው ፕሮግራም ሲጠናቀቅ 924 ባይት ሆነ። ይህን ያህል ለማሳነስ የቻለው አንድ ልዩ ተንኰል አግኝቶ አልነበረም፤ ያለ እርሱ ሊኖር የሚቻለውን ሁሉ እየጣለ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሥራ እንዲሠራ እያደረገ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ስለ ገበታው አቀማመጥ ያደረገውን መመልከት ይገባል። ገበታው 64 ቤቶች ስላሉት፣ የመጀመሪያው ሐሳብ በየቤቱ ምን እንዳለ መመዝገብ ነው፤ ለዚህም 64 ስፍራ ያስፈልጋል። ጄኒንግስ ግን ቤቶቹን ትቶ ጠጠሮቹን መዘገበ። ጠጠሮቹ 32 ስለ ሆኑ እያንዳንዳቸው ያሉበትን ቤት ለማወቅ 32 ስፍራ ይበቃል፤ እንዲህ በማድረግም ግማሹን አተረፈ። ደግሞም ቤቶቹን ከ1 እስከ 64 በመቍጠር ፈንታ ከ00 እስከ 77 በሁለት አኃዝ ሰየማቸው፤ አንደኛው አኃዝ ረድፉን፣ ሁለተኛው ዓምዱን ያመለክታል። የዚህ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። በ07 ላይ ያለ ጠጠር አንድ ቤት ወደ ጎን ቢገፋ 08 ይሆናል፤ በ70 ላይ ያለውም ወደ ፊት ቢሄድ 80 ይሆናል። በገበታው ላይ 8 የሚባል አኃዝ ስለሌለ፣ ጠጠሩ ከገበታው መውጣቱን መኪናዋ በአንድ ምርመራ ብቻ ታውቃለች። ለዳር ለዳሩ ቤት ሁሉ ልዩ ሕግ መጻፍ አላስፈለገም።

መኪናዋ የምታስብበትም መንገድ በዚህ ዓይነት ቁጠባ የተሠራ ነበር። የሚቻሉትን እርምጃዎች በየተራ እያነሣች፣ ያንን ብታደርግ እርሷና ባላጋራዋ ስንት የመንቀሳቀሻ መንገድ እንደሚኖራቸው፣ ምን ሊማረክ እንደሚችል፣ ምርኮውም በምርኮ ቢመለስ ማን እንደሚያተርፍ ትቈጥራለች። ከዚያ ይህን ሁሉ ደምራና ቀንሳ ብዙ ነጥብ ያገኘውን እርምጃ ትመርጣለች። ተጫዋቹ የጨዋታውን ፍጥነት ሊወስን ይችል ነበር፤ እንደ ምርጫው መኪናዋ ለአንድ እርምጃ 3 ሴኮንድ፣ 10 ሴኮንድ ወይም 100 ሴኮንድ ያህል ታስባለች።

ጕድለት አልነበረባትም ማለት ግን አይደለም። ንጉሥና ግንብ በአንድ ጊዜ ስፍራ የሚለዋወጡበትን እርምጃና ወታደር ወታደርን በማለፊያው ላይ የሚማርክበትን ሕግ ፕሮግራሙ በራሱ አልያዘም ነበር። ጠጠሮቹ የሚቆሙበት ገበታም ከመኪናዋ ውጭ ነበር። ተጫዋቹ የራሱን የእንጨት ገበታ ከአጠገቡ አኑሮ፣ የእርሱን እርምጃ በቍጥር ለመኪናዋ ይነግራታል፤ እርሷም መልሷን በብርሃን መስኮቷ ላይ በቍጥር ታሳየዋለች፤ ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስላት እርሱ ነው። በቼዝ የበረታ ሰው ማይክሮቼስን ያለ ብዙ ችግር ያሸንፋት ነበር። ይሁን እንጂ ጀማሪን የምታለማምድ፣ የማትሰለች፣ ሌሊትም ቢሆን እምቢ የማትል ባላጋራ ሆነች።

የዋጋ ጥያቄ

የመጀመሪያው የማይክሮቼስ ቅጂ ለገዥ የተላከው በዲሴምበር 18 ቀን 1976 ነበር። ዋጋው 10 ዶላር ነው። ገዥው በፖስታ ይደርሰው የነበረውን ነገር ማወቅ ለመምህራን ይጠቅማል፤ የደረሰው የአጨዋወት መመሪያና የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ የሰፈረበት ወረቀት ነበር። ከወረቀቱ እያነበበ 924ቱን ባይት በኪም-1 ቍልፎች አንድ በአንድ ማስገባት ነበረበት። አንዱ ባይት በሁለት አኃዝ ስለሚጻፍ፣ ለአኃዙ ብቻ 1,848 ጊዜ ቍልፍ መጫን ያስፈልጋል። አንዱን አኃዝ የሳተ ሰው ፕሮግራሙ ሲሳሳት አይቶ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ስሕተቱን መፈለግ ነበረበት። ድካሙ ከባድ ቢሆንም፣ በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ፕሮግራሙን ከመግዛቱ በላይ አነበበው ማለት ይቻላል። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊቱ ተዘርግቶለት ስለ ነበር፣ የሚወደውን ሊለውጥ፣ ያልተስማማውን ሊያርም ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ቢል ጌትስ፣ ያን ጊዜ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለኮምፒዩተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ አልቴር ለተባለው ኮምፒዩተር ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅተው ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛዎቹ ተጠቃሚዎች ከጓደኛ እየገለበጡ ያለ ክፍያ ይገለገሉበት ጀመር። ጌትስ በደብዳቤው ቤዚክን የገዙት ከአልቴር ባለቤቶች 10 ከመቶ እንደማይሞሉ፣ የድካማቸውም ዋጋ ሲሰላ በሰዓት 2 ዶላር እንደማይደርስ ገልጾ፣ ይህን አድራጎት ስርቆት ብሎ ነቀፈው። ብዙዎች በደብዳቤው ተቈጡ፤ ሆኖም የተነሣው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። ጫማ የሚሰፋ ሰው ጫማውን ሲሸጥ ከእጁ ይወጣል፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን አንድ ቅጂ ከሸጠ በኋላ ያ ቅጂ በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ደራሲው በምን ይኑር?

የጄኒንግስ መልስ ዋጋን ማሳነስ ነበር። 10 ዶላር ለሚከፍል ሰው፣ የወረቀቱን ገጾች አንድ በአንድ ከማባዛት ይልቅ መግዛቱ ይቀልለው ነበር። የ6502 ዋና ቀያሽ የነበረው ቸክ ፔድል የፕሮግራሙን መብት ጠቅልሎ በ1,000 ዶላር ለመግዛት ጠይቆት እንደ ነበር ይነገራል፤ ጄኒንግስ ግን አልተስማማም። አለመስማማቱም አልጐዳውም። ማይክሮቼስ ከኪም-1 አልፎ ቲ.አር.ኤስ.-80፣ ፔትና አፕል 2 ለተባሉት ኮምፒዩተሮች እየተሻሻለ ተዘጋጀ፤ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ቅጂም ተሸጠ።

ጄኒንግስ ከዳን ፊልስትራ ጋር ፐርሶናል ሶፍትዌር በተባለው ኩባንያ ሸሪክ ሆነ። በዚያን ጊዜ ዳን ብሪክሊን የተባለ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ መምህሩ በጥቁር ሠሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲሠራ ይመለከት ነበር። አንዱ ቍጥር ሲለወጥ መምህሩ ከዚያ ጋር የተያያዙትን ቍጥሮች ሁሉ እያጠፋ እንደ ገና መጻፍ ይገደዳል። ብሪክሊን አንዱ ቍጥር ሲለወጥ ሌሎቹ በራሳቸው የሚስተካከሉበት ሠሌዳ ቢኖር ብሎ አሰበ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ ይህን ሐሳብ ወደ ፕሮግራም ለወጠው፤ ፕሮግራሙም ቪዚካልክ ተብሎ በ1979 በፐርሶናል ሶፍትዌር አማካይነት ለገበያ ቀረበ። ለሥራው መካሄጃ ከረዳው ገንዘብ አንዱ ክፍል ከማይክሮቼስ ሽያጭ የተገኘ ነበር። የቪዚካልክን ፈለግ ተከትለው ሎተስ 1-2-3 በ1983፣ ኤክሴል በ1985 መጡ። ዛሬ የተማሪዎችን ውጤት በኤክሴል ደምሮ አማካዩንና ደረጃውን የሚያወጣ መምህር፣ የሥራ መሣሪያው ዘር ሲቈጠር በጥቁር ሠሌዳ ፊት በቆመ አንድ መምህርና በ924 ባይት በተጻፈ አንድ የቼዝ ጨዋታ በኩል ያልፋል።

በእምነት የተሰጠ ዕቃ፤ ሼርዌር

በዚያው ዘመን ሌሎችም የቼዝ ፕሮግራሞች ተወለዱ። የዳንና የካቲ ስፕራክለን ሥራ የሆነው ሳርጎን በ1978 በካሊፎርኒያ በተደረገው የትናንሽ ኮምፒዩተሮች የቼዝ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ሙሉ ጽሑፉም በመጽሐፍ ታትሞ ለአንባቢ ቀረበ። ነገር ግን ከ1981 ወዲህ አይ.ቢ.ኤም. ፒ.ሲ. በብዙ ቤትና ጽሕፈት ቤት ሲገባ፣ ፕሮግራም በወረቀት መሰጠቱ ቀርቶ በዲስኬት መዞር ጀመረ። ዲስኬትን መገልበጥ ደግሞ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለ ሆነ፣ ጌትስ ያነሣው ጥያቄ እንደ ገና ጠነከረ።

በ1982 ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ወደ አንድ ዓይነት መልስ ደረሱ። በካሊፎርኒያ የነበረው አንድሩ ፍሉገልማን ፒ.ሲ.-ቶክ የተባለውን ፕሮግራሙን ማንም እንዲገለብጠውና ለወዳጁ እንዲሰጠው ፈቀደ፤ የወደደው ሰው ግን 25 ዶላር እንዲልክለት ለመነ። በዋሽንግተን ግዛት የነበረው ጂም ናፍ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ምእመናን የአድራሻ ዝርዝር ማተሚያ ብሎ የጀመረውን የመዝገብ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ለሕዝብ ሰጥቶ 10 ዶላር ጠየቀ። ሁለቱ ኋላ ስለ ሥራቸው ተጻጽፈው ተባበሩ፤ ናፍም ፕሮግራሙን ከፍሉገልማን ሥራ ጋር እንዲመሳሰል ፒ.ሲ.-ፋይል ብሎ ሰየመው። በ1983 ቦብ ዋላስ ፒ.ሲ.-ራይት የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም ሲያወጣ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ሼርዌር የሚለውን ስም አስፋፋ። የዋላስ አሠራር አንድ ተጨማሪ ብልሃት ነበረው። 75 ዶላር ከፍሎ የተመዘገበ ሰው የራሱ መለያ ያለበት ቅጂ ይሰጠዋል፤ ከእርሱ ቅጂ የገለበጠ ሌላ ሰው ሲመዘገብ፣ ለመጀመሪያው ሰው 25 ዶላር ይከፈለዋል። እንዲህ በመደረጉ የሚገለብጠው ሰው ሌባ መሆኑ ቀርቶ የደራሲው ወኪል ሆነ።

ሼርዌር ለብቻቸው የሚሠሩትን ደራስያን ጠቀመ። የማስታወቂያ ገንዘብ ወይም የመደብር መደርደሪያ የሌለው ሰው፣ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ራሱን እንዲያስተዋውቅ አደረገ። በዚህ መንገድ ከተሠራጩት ጨዋታዎች መካከል የቼዝ ፕሮግራሞች ነበሩባቸው፤ ቼዝ ሕጉ የታወቀ፣ ሥዕሉ ቀላል፣ ለአንድ ደራሲ ዐቅም የተመጠነ ስለ ሆነ ለዚህ የተስማማ ነበር። ተጠቃሚውም ፕሮግራሙን በቤቱ ሳይቸኵል ሞክሮ፣ ባላጋራነቱን መዝኖ፣ ከዚያ በኋላ ለመክፈል ይወስን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ አንድ ደራሲ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን የማሠራጨት ሥራ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ተካፈሉት።

ይሁን እንጂ ታሪኩን በውዳሴ ብቻ መደምደም ከእውነት መራቅ ነው። ብዙዎች ተገለገሉ፤ የከፈሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ አንዳንድ ደራስያን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቍጥር ክፍያን የሚያስታውስ ጽሑፍ አደረጉበት፤ ሌሎችም ለተመዘገበ ሰው ብቻ የሚገለጥ ክፍል አስቀሩ። በ1987 የሼርዌር ደራስያን ማኅበር አቋቁመው የሥራቸውን ሥነ ሥርዓት በጋራ ለመወሰን ሞከሩ። እምነት ያለ ምንም ሥርዓት ሲተው እንደሚዳከም፣ ሥርዓትም እምነት ሲጐድለው እንደሚመርር ከድካማቸው ተማሩ።

ከዚያ ወዲህ

ከሼርዌር ጋር በአንድ ዘመን ሌላ መልስም ተሰጥቶ ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ባስታወቀው የግኑ እንቅስቃሴ ውስጥ፣ የፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመውና እንዲያካፍለው የሚፈቅድ አሠራር ተጀመረ። ግኑ ቼስ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ከዚህ እንቅስቃሴ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

በታላላቆቹ መኪናዎች ወገን ደግሞ የአይ.ቢ.ኤም. ዲፕ ብሉ በሜይ 1997 በኒው ዮርክ በተደረገው ግጥሚያ የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 አሸነፈ። ዲፕ ብሉ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቋሞችን የሚመረምር ነበር። ብዙዎች የመኪናና የቼዝ ታሪክ በዚህ እንደ ተፈጸመ ቈጠሩት። ነገር ግን ዲፕ ብሉ ከግጥሚያው በኋላ ከውድድር ወጣ፤ ወደ ፊት የቀጠለው ሥራ በተራው ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ነበር። በ2008 የተጀመረው ስቶክፊሽ ሙሉ ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ሆኖ በብዙ ፈቃደኞች ድካም ያደገ ፕሮግራም ነው። ከሰው ሁሉ የሚበልጥ ተጫዋች ሆኖ ሳለ በእጅ ስልክ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። የአእምሮ ሥራን ለሌላው ዘርግቶ ማሳየት ሥራውን እንደማያሳንሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ለትምህርት ቤት የሚተርፈው

ማይክሮቼስ ዛሬ ከብርታቷ የተነሣ የምትታወስ አይደለችም። የምትታወሰው ጄኒንግስ በእጁ ባለው ነገር ስለ ሠራና የሠራውንም ከነአሠራሩ ለገዥው ስለ ሰጠ ነው። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው መልሱን ብቻ አላገኘም፤ መልሱ የተገኘበትን መንገድ ጭምር አገኘ። ጥሩ መምህርም በጥቁር ሠሌዳ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ይኸው ነው። ስሌቱን ሳያሳይ የመጨረሻውን ቍጥር ብቻ የሚጽፍ መምህር ተማሪውን ተጠቃሚ ያደርገዋል፤ ስሌቱን የሚያሳየው ግን ሠራተኛ ያደርገዋል።

ደግሞም ኮምፒዩተር ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ከዚህ ታሪክ ውጭ ነኝ ሊል አይገባውም። ቱሪንግ በ1952 የተጫወተው ያለ ኮምፒዩተር ነው። ሁለት ተማሪዎች ገበታ አሰምረው፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ የሻነንን ዋጋ በደብተራቸው ጽፈው፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ነጥብ እየደመሩና እየቀነሱ ብዙ ነጥብ ያገኘውን ቢመርጡ፣ አራቱ በአንድነት አንድ የቼዝ መኪና ሆነዋል። ስሌታቸው ሲሳሳት ምክንያቱን ከደብተራቸው ያገኙታል፤ ዋጋውን ለውጠው እንደ ገና ሲሞክሩም ጄኒንግስ በቶሮንቶ ከኪም-1 ፊት ተቀምጦ የሠራውን ሥራ እነርሱም በክፍላቸው ጀመሩት ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።